ደም፣ ደጋና የመመረቂያ ጽሑፍ፦ ከመካነ ሰላም የሚነሣ የፊዚዮሎጂ ጥያቄ

በአገራችን የባዮሜዲካል ሳይንስ ማስተርስ የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተመርቆ የሕክምና ተማሪዎችን አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ ወይም ባዮኬሚስትሪ እንዲያስተምር ይታሰባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1978 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ጎንደርና ጅማም በእነዚህ መስኮች ያስመርቃሉ። የመጀመሪያው ዓመት በኮርስ ያልፋል፤ በሁለተኛው ፕሮፖዛል፣ የኢቲክስ ፈቃድ፣ መረጃ መሰብሰብና ዲፌንስ ይከተላሉ። ጊዜው አጭር፣ በጀቱም ጠባብ ስለሆነ ተማሪው ቶሎ ወደሚያልቅለት ርዕስ ያዘነብላል፦ የእገሌ በሽታ ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች፣ በእገሌ ሆስፒታል። የሆስፒታሉ ስም ቢለወጥ ከጽሑፉ ብዙ የሚለወጥ ነገር የለም። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ግን ቦታው ራሱ ጥያቄ ነው።

የዚህ አካባቢ ከተማ የሆነችው መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ከደሴ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል የሚመጣ መንገደኛ ከዚህም የባሰ ብርድ አቋርጦ ይደርሳል፤ ወደ ምዕራብ ደግሞ መሬቱ እየተቆረጠ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። የመማሪያ መጽሐፎቻችን እንደሚሉት አየር ሲሳሳ ሰውነት ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ያበዛል። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን ተከትሎ በከፍታ ለሚኖሩ ሰዎች የደም ማነስን ወሰን ከፍ ያደርጋል። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በቆየው ሠንጠረዥ መሠረት በ2500 ሜትር ላይ 1.3 ግራም በዴሲሊትር ይታከል ነበር። ስለዚህ በባሕር ጠለል ወሰኗ 12 የሆነው ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት መካነ ሰላም ላይ ከ13.3 በታች ከሆነች ደም አንሷታል ይባል ነበር።

ችግሩ ይህ ትምህርት በአብዛኛው ከአንዲስ ተራሮች የመጣ መሆኑ ነው። ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 ያወጡት ጥናት በሰሜን ተራሮች፣ በአምባራስ አካባቢ በ3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምሮ አማካዩን ሄሞግሎቢን ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 አገኘ፤ የኦክስጅን ሙሌታቸው በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። ከባሕር ዳርቻ ሰው ብዙም አይለይም። ሠንጠረዡ በ3500 ሜትር 2.7 ይጨምር ስለነበር የሴቶቹ ወሰን 14.7 ነበር ማለት ነው። ከራሳቸው አማካይ በ0.3 ብቻ የሚያንሱ ጤነኛ ሴቶች ሳይቀሩ በሽተኛ ተብለው ሊመዘገቡ ይችሉ ነበር! ድርጅቱ በ2024 ማስተካከያዎቹን ከልሷል፤ ከፍታን ለሕዝብ ሁሉ በአንድ ሚዛን የመለካቱ አሠራር ግን አልቀረም። በባሌ ከፍታ በሚኖሩ ኦሮሞዎች ላይ የተደረገ የ2012 ጥናት ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳይቷል፤ ስለዚህ በአንድ አገር ውስጥ እንኳ «የደገኛ ደም» ብሎ በጥቅሉ መናገር አይቻልም።

ከፍ ያለው ወሰን ለደገኞቻችን ይሠራል ወይ የሚለውን ጥያቄ መካነ ሰላም ላይ ለማንሣት መሬቱ ራሱ ያግዛል። በቅርብ ርቀት ቆላው፣ ወይና ደጋውና ደጋው አሉ፤ ነዋሪዎቹ በቋንቋም በዘርም የተቀራረቡ ናቸው። ከፍታን ከሌላው ነገር ነጥሎ ለማየት ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ በቀላሉ አይገኝም። ቆላው ላይ ግን ወባና ሁክዎርም ሄሞግሎቢኑን ስለሚያወርዱት ሁለቱን ሳይመረምሩ ማወዳደር ያሳስታል። ምግቡም አለ። ስዊድናዊው ሐኪም ኢንግቬ ሆፍቫንደር በ1968 ባሳተመው ጥናት ኢትዮጵያውያን ከፍተኛ ብረት እንደሚመገቡ አሳይቷል። ጤፍ በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ ከአፈር ጋር ስለሚቀላቀል የብረቱ መጠን ይጨምራል፤ ከአፈሩ የሚገኘው ብረት ምን ያህሉ ወደ ደም እንደሚገባ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ተማሪው በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየውን ፌሪቲን ሳይለካ ስለ ብረት ማውራት የለበትም፤ ፌሪቲን ደግሞ በኢንፌክሽን ጊዜ ስለሚጨምር ኢንፌክሽንን የሚጠቁመው ሲ.አር.ፒ.ም አብሮ ይለካ።

የደም አወሳሰዱም ጥንቃቄ ይሻል። ጠዋት በደጋ ብርድ ጣት ሲወጋ ደሙ በቀላሉ አይወርድም። ባለሙያው ጣቱን ይጨምቃል፤ የተጨመቀው ጠብታ በሕብረ ሕዋስ ፈሳሽ ይቀጥናል፤ ንባቡም ከእውነተኛው ሊያንስ ይችላል። በርካታ የቀበሌ ዳሰሳዎች የሚሠሩት በጣት ደም ስለሆነ፣ ከፍ ባለ ወሰን ላይ ይህ ስሕተት ሲታከል የደም ማነሱ ቁጥር የበለጠ ያብጣል። ከክንድ በተቀዳ ደም፣ በሐምራዊ ክዳን ቱቦ፣ እጁን አሙቆ መሥራት ይሻላል። ለፌሪቲን የሚወሰደው ሴረም ግን እዚያው በሴንትሪፉጅ ተለይቶ በቅዝቃዜ መጓጓዝ ስላለበት ፕሮፖዛሉ ላይ ከሁሉ በፊት መጻፍ ያለበት የመኪናውና የበረዶ ሣጥኑ ወጪ ነው። አድቫይዘሮች ይህን መስመር ሲያዩ «ርዕሱን አሳንስ» ይላሉ። እኔ ግን ቁጥሩ ይቀነስ፣ ጥያቄው አይነካ ባይ ነኝ፤ በሦስት ከፍታዎች በጥንቃቄ የተለኩ ጥቂት ሴቶች በአንድ ሆስፒታል መዝገብ ከተገለበጡ ብዙ ሕሙማን ይልቅ ለእርግዝና ክትትል ክፍሉ ይጠቅሙታል፤ የአይረን ክኒን በምን መጠን እንደሚሰጥ የሚወሰነው በደም ማነስ ወሰኑ ነውና።