ዲዋኒ፦ ከሡልጣን ደብዳቤ እስከ ሠርግ ጥሪ

በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን የሠርግ ጥሪ ወረቀት፣ የምስክር ወረቀት ወይም የሽቶ ማሸጊያ የተመለከተ ሰው፣ እንደ ሐረግ የተጠማዘዙና መስመራቸው ወደ መጨረሻው ከፍ የሚል የዐረብኛ ፊደላት ሳያጋጥሙት አይቀሩም። ይህ የአጻጻፍ ስልት ዲዋኒ ይባላል። በኦቶማን ቱርክ መንግሥት በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዳበረ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ዲዋን ከሚባለው የመንግሥት ጉባኤ ነው። የሡልጣኑ ትእዛዛት ይጻፉበት ነበር። ፊደላቱ ተጠጋግተው ስለሚጻፉ በመካከላቸው ሌላ ቃል ማስገባት አስቸጋሪ ነው፤ ይህም ለመንግሥት ሰነድ ተስማሚ አድርጎታል። ክፍተቱ በነጠብጣብና በጌጥ የሚሞላው ዓይነት ደግሞ ዲዋኒ ጀሊ ይባላል።

ጥበቡ በኤምሬቶች ዛሬም ሕያው ነው። በሻርጃ በ2002 የተከፈተ የካሊግራፊ ሙዚየም አለ፤ ከ2004 ጀምሮም በከተማዋ በየሁለት ዓመቱ የካሊግራፊ ዐውደ ርእይ ይካሄዳል። በ2021 ዩኔስኮ የዐረብኛ ካሊግራፊን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጥያቄውን በጋራ ካቀረቡት 16 አገሮች አንዷ ነበረች።

ይሁን እንጂ ዲዋኒ ለሁሉም ሥራ አይሆንም። በትንሽ መጠን ሲታተም ወይም ከሩቅ ሲታይ ለማንበብ ይከብዳል። ዱባይ በ2017 ከማይክሮሶፍት ጋር ያወጣችው በከተማዋ ስም የሚጠራው ፎንት ከዚህ የተለየ ነው፦ የዐረብኛውና የላቲኑ ፊደል ጎን ለጎን የተነደፉ፣ ቀጥ ያሉና ለዕለታዊ ንባብ የታሰቡ ናቸው። ስለዚህ በምግብ ቤት ሰሌዳ ላይ ስሙን በዲዋኒ፣ አድራሻውንና ስልኩን በእንዲህ ያለ ግልጽ ፊደል ማድረግ የተሻለ ነው።

የእኛ ፊደል የራሱ የብርዕ ውበት አለው። የብራና ጸሐፊዎች የቁም ጽሕፈት በመቃ ብርዕ ይጣላል፤ የዐረብኛው ካሊግራፊም መሣሪያ እንዲሁ የተቀረጸ መቃ ነው። ዐረቦች ብርዑን «ቀለም» ይሉታል፤ እኛ ደግሞ ብርዑ የሚነከርበትን። ልዩነቱ የዐረብኛ ፊደላት ሲያያዙ የእኛዎቹ ለየብቻቸው መቆማቸው ነው። የግእዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ የብራናውን እጅ ጽሕፈት መሠረት ያደረገው አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል እና ሌሎችም ፎንቶች ተሠርተዋል። ለሠርግ ጥሪ የሚስማማው ይህ ነው እንጂ የአማርኛን ፊደል እንደ ዲዋኒ ለማጠማዘዝ መሞከር አይደለም። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው የጭረቷ ቦታ ብቻ ነው፤ ከእግሩ መካከል ወደ ግርጌ ከወረደች ንባቡ ይለወጣል፣ የሙሽሪትም ስም እንዲሁ።

ማተሚያ ቤት የሚሄድ ሰው ሠራተኛው አማርኛ እንደማያነብ ሊያስብ ይገባል። ጽሑፉን በስልክ መልእክት ከመላክ ይልቅ ፎንቱ በውስጡ በተካተተበት ፒዲኤፍ ማቅረብ ይመረጣል። የዐረብኛውንም ናሙና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይመልከተው፤ አንዳንድ የንድፍ ፕሮግራሞች ዐረብኛን በአግባቡ ስለማያስተናግዱ ፊደላቱን ነጣጥለው ከግራ ወደ ቀኝ ሊደረድሯቸው ይችላሉ። ሰሌዳው ከተሰቀለ በኋላ ማረም ሌላ ወጪ ነው።