ግቢው ከግቢነቱ በፊት

ቀይ አፈር ላደገ ሰው ዛፍ ሥር መቀመጥ መዝናኛ አይደለም። ሐሙስ ገበያው ሲደምቅ በናውም፣ ፀማዩም፣ አሪውም ይመጣል፤ ጉዳይ ያለው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ይቀመጥና እዚያው ይነጋገራል፣ እዚያው ይጨርሳል። ስለዚህ በ1990 ዓ.ም. በጭነት መኪናና በአውቶቡስ ተንገላትቼ ስድስት ኪሎ ስደርስ ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው ከሕንፃው ይልቅ ዛፎቹ ላይ ቢሆን አይግረማችሁ።

ኬኔዲ ላይብረሪ መቀመጫ ሲጠፋ ደብተሬን ይዤ ሣሩ ላይ እጋደም ነበር። ከአንበሳ ግቢ የሚመጣው ግሣት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ጊዜ ብዙ ነው። (ኪሲንግ ፑል የሚባለውን ጥግ ለባለ ጓደኞቹ ትቼ ነበር፤ እኔ ደብተሬን እንጂ ሌላ የምይዘው አልነበረኝም።)

ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ አዛውንት አትክልተኛ ውኃ ሊያጠጡ መጥተው አስነሱኝ። “የኔ ልጅ፣ የተኛህበትን ታውቃለህ?” አሉኝ። እርጥብ ነው ሊሉኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ስለ ጥላሁን ግዛው ነበር የሚያወሩት። ሦስት ሴሚስተር ሙሉ ተኝቼበት አለማወቄ ጥፋቱ የራሴ ነው።

ቦታው መጀመሪያ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በጣሊያን ጊዜ ግራዚያኒ ተቀመጠበት፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ለድሆች ምጽዋት ሲሰጥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበት እዚሁ ግቢ ነው። በዚያ ሰበብ በከተማው ያለቀውን ሕዝብ ከበራችን ፊት ለፊት ያለው ሐውልት ያስታውሰናል። በታህሳስ 1953 የእነ መንግሥቱ ንዋይ ግልበጣ ሲከሽፍ ደግሞ ታግተው የነበሩት ሹማምንት በቤተ መንግሥቱ አረንጓዴ ሳሎን ተረሸኑ። ንጉሡ ከዚያ በኋላ ቤቱን ለትምህርት ሰጡት፤ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ደስ የሚለው፣ ወይም የሚያስቀው፣ ግልበጣውን ደግፈው ሰልፍ የወጡት የአራት ኪሎ ኮሌጅ ተማሪዎች መሆናቸው ነው። በዓመቱ የንጉሡ የአትክልት ቦታ የነሱ ሆነ።

ስጦታ ነው ይባላል። ለነገሩ ወረቀቱ እንደዚያ ነው። እኔ ግን ሜዳውን የተማሪ ያደረገው ተማሪው ራሱ ይመስለኛል። አዳራሽ ቁልፍ አለው፣ ፈቃድ ይፈልጋል። ሣር ላይ ሦስት ሰው ቁጭ ካለ አራተኛው ይጨመራል፤ ከጋምቤላ የመጣው ከጎጃሙ ጋር፣ የሕግ ተማሪው ከታሪኩ ጋር ይከራከራል። በየካቲት 1957 “መሬት ላራሹ” ብሎ ወደ ፓርላማ የወጣው ትውልድ ክርክሩን ሁሉ ክፍል ውስጥ ነው የጨረሰው ብትሉኝ አላምንም።

ታህሳስ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመታ። በማግስቱ ጓደኞቹ አስከሬኑን ይዘው የሄዱት የት ነው? ወደዚህ ግቢ። ከበውት ሳሉ የክብር ዘበኛ ገብቶ ተኮሰባቸው። አትክልተኛው የነገሩኝ ይህን ነው። ነግረውኝ ሲያበቁ ጎማውን አንስተው ወደ ጽጌረዳው ሄዱ፤ እኔ ግን ያን ቀን ተመልሼ መጋደም አልቻልኩም። በሳምንቱ ተመልሻለሁ። ፈተና ነበረብኝ።

“ግቢ” የሚለው ቃላችን ራሱ ይገርመኛል፤ ድሮ “ግቢ ገባ” ማለት ንጉሥ ቤት ደጅ ሊጠና ሄደ ማለት ነበር። ዛሬ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ጂንካም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የእህቴ ልጅ እዚያ ሲመደብ ደውሎ ያለኝ “አጎቴ፣ ግቢ ገባሁ” ነው። የት ነው የምታጠናው አልኩት። “ዶርም” አለኝ። ውጪ ዛፍ የለም ወይ ብዬ ጨቀጨቅኩት።

ለዘንድሮው መገናኛ እሱንም ይዤው እመጣለሁ። መርሐ ግብሩ አዳራሽ ውስጥ ነው ተብሏል። የምትፈልጉኝ ካላችሁ ግን ከሰዓት በኋላ ከቤተ መንግሥቱ ፊት፣ ሣሩ ላይ ነን፤ ሻይ በፔርሙስ እንይዛለን።