«የሚያሳክከኝ ብረቱ ነው»፦ በሰውነት ውስጥ የሚቀበር ብረትና የአለርጂ ታሪክ

በተለማማጅ ሐኪምነቴ ዘመን፣ የቅልጥሟ አጥንት ተሰብሮ በፕሌት የተጠገነላት አንዲት መምህርት ወደ ተመላላሽ ክፍላችን ትመጣ ነበር። ስብራቱ በመልካም ሁኔታ እየገጠመ ነበር። በጠባሳው ዙሪያ የወጣው ቀይ ሽፍታ ግን አልጠፋ አለ። በመጀመሪያ የፈንገስ፣ ቀጥሎም የስቴሮይድ ቅባት ሰጠናት። በሦስተኛው ቀጠሮዋ «ዶክተር፣ የሚያሳክከኝ ቆዳዬ አይደለም፤ ብረቱ ነው» አለችኝ። እኔም ብረቱ የማይዝግና ሰውነት የሚለምደው መሆኑን በልበ ሙሉነት አስረድቼ ሸኘኋት። ያንን ልበ ሙሉነት ከየት እንዳገኘሁት መጠየቅ የጀመርኩት ከዓመታት በኋላ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ዊሊያም አርበትኖት ሌን በለንደን የተሰበረ አጥንትን በብረት ማያያዝ ሲጀምር ዋናው ጠላት መመርቀዝ ነበር። ሌን ይህንን በጥብቅ የንጽሕና ሥርዓት ቢቋቋመውም፣ የዘመኑ ብረት በሰውነት ውስጥ ይዝግ ስለነበር ችግሩ አላበቃም። በ1937 አሜሪካውያኑ ቬናብልና ስታክ ልዩ ልዩ ብረቶችን በውሾች አጥንት ውስጥ አስገብተው ባደረጉት ጥናት፣ ቪታሊየም የተባለው የኮባልት፣ የክሮሚየምና የሞሊብደነም ቅይጥ በአካባቢው ሕብረ ሕዋስ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት እንደማያደርስ አሳዩ። በተከታዩ ዓመት ስሚዝ ፒተርሰን ከዚሁ ቅይጥ የተሠራ ቆብ በዳሌ መገጣጠሚያ ውስጥ አስገባ። ከዚያ ወዲህ «የማይዝግ» የሚለው ቃል በእኛ በሐኪሞች አእምሮ ቀስ በቀስ «ሰውነት የማያውቀው» ወደሚል ትርጉም ተሸጋገረ።

ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። በአጥንት ሕክምና በብዛት የምንጠቀምበት 316 ኤል የተባለው ብረት ከ10 እስከ 14 በመቶ ኒኬልና 17 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ይዟል። ብሎንና ፕሌት በሚፋተጉበት ሥፍራ ጥቂት የኒኬል አዮን ዘወትር ይለቀቃል። አዮኑ ብቻውን የመከላከያ ሥርዓቱን ለመቀስቀስ እጅግ ትንሽ ነው፤ ከሰውነት ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ግን በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ የቲ ሊምፎሳይቶችን ዓይን ይስባል። ውጤቱ ዘግይቶ የሚገለጥ አለርጂ ነው።

የቆዳ ሐኪሞች ይህንን ዓይነቱን አለርጂ ከጥንት ያውቁታል። ጆሴፍ ያዳሶን ሜርኩሪ ያለበት ልጣፍ ኤግዚማ ያስነሣባቸውን ሕመምተኞች መርምሮ፣ የተጠረጠረውን ንጥረ ነገር ቆዳ ላይ ለጥፎ የማየትን ዘዴ፣ ዛሬ ፓች ቴስት የምንለውን፣ ለባልንጀሮቹ ያቀረበው በ1895 ነበር። እንግዲህ አጥንት ሐኪሙ ብረት ሲቀብር፣ ቆዳ ሐኪሙ ደግሞ ብረት የነካውን ቆዳ ሲያክም፣ ሁለቱ ዕውቀቶች ሰባ ዓመት ያህል ሳይገናኙ ኖሩ ማለት ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት ክፍሎች ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ በሆስፒታል የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ያገናኟቸው ሕመምተኞች ናቸው። በ1966 ፉሴሮና ሎዥዬ በሰውነት ውስጥ ከገባ ብረት የተነሣ የአለርጂ ኤግዚማን ዘገቡ። በ1967 ደግሞ የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ከስሚዝ ፒተርሰን ምስማር በኋላ ስለተከሰተ የቆዳ እብጠትና ማሳከክ አንድ ዘገባ አወጣ፤ ምስማሩ የተሠራው ከዚያው ጉዳት አልባ ከተባለው ከቪታሊየም ነበር። በ1972 ባራንኮና ሰሎሞን ጉልበቷ ላይ የብረት ብሎን ከገባላት በኋላ መላ ሰውነቷን ኤግዚማ የሸፈናትን ወጣት ታሪክ አሳተሙ። ብሎኖቹ ሲወጡ ኤግዚማው ጠፋ። በእነዚህ ዘገባዎች ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ መቼ ጀመረ፣ መቼ ተወ። ይህን ደግሞ ከሕመምተኛው በቀር ማንም አያውቀውም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ታሪክ ቀጥ ያለ አይደለም። በ1974 ኢቫንስ፣ ፍሪማንና ባልደረቦቻቸው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያቸው ከላላባቸው 14 ሕመምተኞች ዘጠኙ ለብረት አለርጂ ሲኖራቸው፣ ካልላላባቸው 24 ግን አንድም እንዳልተገኘ አሳወቁ። ግኝቱ አስደንጋጭ ቢሆንም ጥያቄው ወዲያው ተነሣ፤ አለርጂው መገጣጠሚያውን አላላው ወይስ የላላው መገጣጠሚያ ብረት እያራገፈ አለርጂውን ፈጠረ? በ2001 ሃላብና ባልደረቦቹ የቀደሙ ጥናቶችን ሲሰበስቡ፣ በቆዳ ምርመራ ለብረት አለርጂ የተገኘባቸው ከጠቅላላው ሕዝብ ከ10 እስከ 15 በመቶ፣ መገጣጠሚያቸው በደኅና ከሚሠራላቸው 25 በመቶ፣ ከተበላሸባቸው ደግሞ 60 በመቶ ገደማ ሆኑ። ይህም ቢሆን ዶሮዋንና እንቁላሏን አልለየም። እንዲያውም በ2009 የወጣ የዴንማርክ የመዝገብ ጥናት፣ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ሰው ሠራሽ ዳሌያቸው ከሌሎች ይልቅ ለዳግም ቀዶ ሕክምና እንደማይዳረግ አመለከተ። ስለዚህ ፓች ቴስቱ አዎንታዊ ሆነ ብሎ ደኅና የተቀመጠን ብረት ለማውጣት መቸኮል ሌላ ስሕተት ነው።

በዚህ ክርክር መካከል ብረት ከብረት ጋር የሚገጥመው ሰው ሠራሽ ዳሌ እንደገና ተስፋፋ። በ2005 ቪለርትና ባልደረቦቹ፣ ተበላሽተው በወጡ መሰል ዳሌዎች ዙሪያ በተወሰደ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ በሊምፎሳይት የተሞላ ብግነት አሳዩ። በ2008 ከኦክስፎርድ 17 ሕመምተኞች በዳሌያቸው ዙሪያ ዕጢ መሳይ እብጠት እንደተገኘባቸው ተዘገበ፤ 17ቱም ሴቶች ነበሩ። በ2010 ዴፑይ ኩባንያ ኤኤስአር የተባለውን ዳሌ ከገበያ ሰበሰበ። የዚህ ሁሉ ጉዳት ምክንያቱ አለርጂ ብቻ አይደለም፤ የብረቱ ብናኝ በራሱ መርዛማነት አለው። ሕመምተኞቹ ግን «ብሽሽቴን ያመኛል» ባሉበት ወቅት ራጅው ብዙ ጊዜ ደኅና ይመስል ነበር።

ከአጥንት ውጭም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ኢሹር የተባለውና በ2002 በአሜሪካ የተፈቀደው የማኅፀን ቱቦ መዝጊያ ኒኬልና ቲታኒየም ካለበት ሽቦ የተሠራ ነበር። በ2011 የኒኬል አለርጂ ላለባቸው ሴቶች የተጣለው ክልከላ ወደ ማስጠንቀቂያ ዝቅ ተደረገ። በ2015 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በጠራው ስብሰባ ላይ ሴቶች ስለ ሕመም፣ ስለ ደም መፍሰስና ስለ ሽፍታ በየተራ ተናገሩ። መሣሪያው በ2018 መጨረሻ በአሜሪካ መሸጡ አበቃ፤ ባለሥልጣኑም በ2019 በሰውነት ውስጥ ስለሚገባ ብረት በጠቅላላው የሚመክር ጉባኤ ጠራ።

በአገራችን ነገሩ የሚነካን በዋነኛነት በስብራት ሕክምና በኩል ነው። በ1999 በአሜሪካ የተመሠረተው ሳይን የተባለው ድርጅት የሚሰጠውና በጥቁር አንበሳም የሚሠራበት የአጥንት ውስጥ ምስማር ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነው። ምስማሩ በትራክሽን ለሳምንታት ተኝቶ ይቀር የነበረውን ታካሚ አቁሞ ያስኬዳል፤ አለርጂን ፈርቶ ይህን መንፈግ ሞኝነት ይሆናል። ከብዙ ታካሚዎች ብረቱን ዕድሜ ልካቸውን ተሸክመው አንዳች የማይሰማቸው ይበዛሉ። ሽፍታ ወይም ሕመም ሲመጣም አስቀድሞ መመርመር ያለበት መመርቀዝ ነው፤ ይህ ሳይጣራ አለርጂ ማለት ታካሚውን አደጋ ላይ ይጥላል። ይሁንና ከቀዶ ሕክምና በፊት «ርካሽ ጉትቻ፣ ሰዓት ወይም የቀበቶ ዘለበት ያሳክክሻል?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አይፈልግም። አዎ ከተባለ፣ ከተገኘም ቲታኒየም መምረጥ፣ ካልተገኘ ደግሞ መልሱን በካርዱ ላይ መጻፍ ይቻላል።

መምህርቷ አጥንቷ ከገጠመ በኋላ ፕሌቱ ወጣላት። መመርቀዝ አልነበረም፤ ሽፍታውም በሳምንታት ውስጥ ጠፋ። ፓች ቴስት ስላልነበረን ምርመራው ከ«ሊሆን ይችላል» አያልፍም። በመጨረሻው ቀጠሮዋ ስለ ጌጥ ስጠይቃት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ከወርቅ በቀር ሌላ ጉትቻ ጆሮዋን እያቆሰለው ማድረግ እንደተወች ነገረችኝ። በካርዷ ላይ ግን ስለ አለርጂ በተጠየቀበት መስመር «የለም» የሚል ተጽፎ ነበር፤ የእጅ ጽሑፉም የእኔው ነው።