ሻም ለምን መጨረሻ ወጣ?

የፈረስ እሽቅድምድም በተስፋፋባቸው አገሮች አንድ የቆየ ሙያ አለ፤ ፈረስን በቁጥር መመዘን። እንግሊዞች ሃንዲካፕ ይሉታል። መነሻ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ብርቱው ፈረስ እርሳስ ተጭኖበት ከደካማው ጋር እንዲተካከል ይደረጋል። ታዲያ ብርቱው የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? ከተሰጡት መልሶች አንዱና ዋነኛው «በሰዓት» የሚለው ነው። ይህ መልስ የት ድረስ እንደሚያስኬደን በአንድ ዓመት ታሪክ እንመርምር። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝ ፊል ቡል የተባለ የሂሳብ መምህር ይህን ነገር ሥራዬ ብሎ ያዘውና በ1948 ታይምፎርም የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። በአሜሪካ ደግሞ ጋዜጠኛው አንድሩ ባየር በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ዘዴውን ለብዙኃኑ አደረሰው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ፈረሱ የገባበት ሰዓት ይያዛል፤ ለርቀቱ ከተለመደው ሰዓት ጋር ይነጻጸራል፤ ከዚያም የዕለቱ መም ፈጣን ወይም ከባድ መሆኑ ታስቦ ይታረማል። የሚገኘው አንድ ቁጥር ነው። ጥሩ ሥራ ነው፤ አንክድም። ግን ይህ ቁጥር የሚያውቀው መነሻውንና መድረሻውን ብቻ ነው። መሐሉ ላይ ዙሩን ማን አከረረው? ማንስ ተደብቆ ሮጠ? ቁጥሩ ይህን አይናገርም።

አሁን ወደ 1973 እንሂድ። በዚያ ዓመት ግንቦት 5 ቀን በኬንታኪ ደርቢ ሴክሬታሪያት የተባለው ፈረስ 2,012 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ ጨረሰ። ርቀቱን በአምስት እኩል ብንከፍለው የፈጀበት ጊዜ 25.2፣ 24፣ 23.8፣ 23.4 እና 23 ሰከንድ ነበር። ከኋላ ተነሥቶ እየፈጠነ ሄደ ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እኮ ይኸው ነው። ሁለተኛ የወጣው ሻም ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በፕሪክነስም እንዲሁ ሁለተኛ ሆነ።

ሰኔ 9 ቀን በቤልሞንት 2,414 ሜትር ሊሮጡ አምስት ፈረሶች ተሰለፉ። በዚህ ጊዜ ሻም ከመነሻው ጀምሮ ከሴክሬታሪያት ጎን ለጎን ያዘ። ሁለቱ ተያይዘው የርቀቱን ግማሽ በ1 ደቂቃ ከ9.8 ሰከንድ ቆረጡት። ይህ የአጭር ርቀት ሩጫ እንጂ የዚህ ዓይነቱ ረጅም ውድድር ዙር አልነበረም! ሻም እዚያው ላይ ተሰበረ። ሴክሬታሪያት ብቻውን ገሥግሦ በ2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ፣ በ31 የፈረስ ርዝመት ቀድሞ ገባ። ሻም አምስተኛ፣ ማለትም የመጨረሻው ሆነ። ከዚያ ቀን በኋላም ዳግመኛ አልተወዳደረም።

እስቲ ቁጥሮቹን ቀረብ ብለን እንያቸው። በቤልሞንት የሴክሬታሪያት ሩጫ ለሦስት እኩል ቢከፈል የመጀመሪያው 46.2፣ ሁለተኛው 48፣ የመጨረሻው 49.8 ሰከንድ ይሆናል። አሸናፊው ራሱ እየደከመ ነበር የሄደው። ጡንቻ ኦክሲጅን ከሚደርሰው በላይ ሲሠራ ዕዳ ይገባል፤ ዕዳው የሚከፈለው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። ያን ዕዳ ችሎ የጨረሰው ሴክሬታሪያት ብቻ ነው። ሻምን የቀደሙት ሌሎቹ ሦስቱ ግን ዙሩን አልተከተሉም። ከኋላ ሆነው ጉልበታቸውን ቆጠቡ፤ ሻም ሲወድቅ አለፉት። በሰዓት ብቻ ብንመዝን ሦስቱም ከሻም ይበልጣሉ። እውነት ይበልጣሉ? በደርቢ ከሴክሬታሪያት ቀጥሎ የገባው እኮ ሻም ነበር!

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። የኛው ምሩጽ ይፍጠር በ1980 በሞስኮ 10,000 ሜትሩን ያሸነፈው በ27 ደቂቃ ከ42.7 ሰከንድ ነው፤ ከጊዜው የዓለም ሪከርድ በ20 ሰከንድ የዘገየ። በሰዓት ሚዛን ተራ ሩጫ ይመስላል። ግን ማርሽ ቀያሪው የመጨረሻውን ዙር እንዴት እንደሮጠው ያየ ሰው ተራ ነው ሊል ይችላል?

ከዚህ ላይ «እንግዲያማ ለተሸናፊ ሁሉ ምክንያት ሊገኝለት ነው» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ተቃውሞ ነው። መልሱ ግን የዙሩን መክረርና መላላት ራሱን መለካት ነው። የኋላ ኋላ የሙያው ሰዎች ከመግቢያው ሰዓት ቁጥር ጎን የመሐሉን ፍጥነት ቁጥር ማስቀመጥ የጀመሩት ለዚሁ ነው። ሁለቱ ሲነበቡ አንዱ ሌላውን ያርመዋል።

ሰዓቱ ራሱስ ቢሆን? በዚያው በ1973ቱ ፕሪክነስ መሣሪያው 1 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ መዘገበ። ኋላ 1 ደቂቃ ከ54.4 ተባለ፤ የጋዜጣ ሰዓት ያዦች ደግሞ 1 ደቂቃ ከ53.4 ነው ብለው ጸኑ። የሜሪላንድ የእሽቅድምድም ኮሚሽን ፊልሙን አስመርምሮ 1 ደቂቃ ከ53 ብሎ ያረመው በ2012 ነው። 39 ዓመት ሙሉ መዝገብ ላይ የተቀመጠው ቁጥር ስሕተት ነበር ማለት ነው።

እኛ የታሪክ ተማሪዎች ከቁጥር ጋር በየቀኑ ነው የምንገናኘው፤ ይህን ያህል ጦር ዘመተ፣ ይህን ያህል እህል ገባ፣ እገሌ በዚህ ቀን ተሸነፈ። ቁጥሩን እንጥለው አንልም፤ ማን እንደለካውና መሐሉ ላይ ምን እንደሆነ እንጠይቅ ነው የምንለው። የቤልሞንት መዝገብ ስለ ሻም የሚለው «5ኛ» ብቻ ነው። ያን የመጀመሪያ ግማሽ ከሴክሬታሪያት እኩል የሮጠ ሌላ ፈረስ እንዳልነበረ ለማወቅ ግን ከመዝገቡ አልፎ ሩጫውን ማየት ያስፈልጋል።