የመንግሥት አገልግሎትና ማኅበራዊ ዋስትና ሶሻሊዝም ነውን?

መንግሥት ሆስፒታል ሲከፍት፣ ለጡረተኞች አበል ሲከፍል ወይም ለችግረኛ ቤተሰቦች ድጋፍ ሲሰጥ ተግባሩን «ሶሻሊዝም» ብሎ መጥራት በተለያዩ አገሮች የተለመደ ነው። ጉዳዩ የስያሜ ብቻ አይደለም። ስያሜው አንድን መርሃ ግብር ለማስፋፋትም ሆነ ለማስቀረት እንደ መከራከሪያ ስለሚቀርብ፣ በመርሃ ግብሩ የሚተዳደሩ ዜጎችን ኑሮ በቀጥታ ይነካል።

ሶሻሊዝም በመሠረታዊ ትርጉሙ ዋና ዋና የማምረቻ መሣሪያዎች፣ ማለትም መሬት፣ ፋብሪካ፣ ማዕድንና ባንክ፣ ከግለሰቦች ይዞታ ወጥተው በኅብረተሰቡ ወይም በመንግሥት ባለቤትነት ሥር የሚውሉበት ሥርዓት ነው። ማኅበራዊ ዋስትና ግን የግል ሀብት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከግብር ወይም ከመዋጮ በሚሰበሰብ ገንዘብ ዜጎችን ከሕመም፣ ከእርጅናና ከሥራ አጥነት ጉዳት ለመታደግ የሚዘረጋ አሠራር ነው። የሁለቱ መለያ መስመር የባለቤትነት ጥያቄ ነው።

የጀርመን ታሪክ ይህን ልዩነት በግልጽ ያሳያል። ወግ አጥባቂው ቻንስለር ኦቶ ፎን ቢስማርክ እ.ኤ.አ በ1878 የሶሻሊስቶችን እንቅስቃሴ የሚያግድ ሕግ አወጡ። እኚሁ መሪ እ.ኤ.አ በ1883 የሕመም፣ በ1884 የሥራ ላይ አደጋ፣ በ1889 ደግሞ የእርጅናና የአካል ጉዳት መድን ሕጎችን አስጸደቁ። ዓላማቸው ሠራተኛውን ከሶሻሊስቶች በማራቅ ከመንግሥቱ ጋር ማስተሳሰር ነበር። የሕመም መድኑ ወጪ የተሸፈነው በሠራተኞችና በአሠሪዎች መዋጮ ሲሆን፣ ፋብሪካዎቹ በባለሀብቶች እጅ ቆይተዋል።

የብሪታንያ ተሞክሮ በተወሰነ ደረጃ ይለያል። እ.ኤ.አ በ1945 ሥልጣን የያዘው የሌበር ፓርቲ መንግሥት የድንጋይ ከሰል ማዕድንንና የባቡር ትራንስፖርትን የወረሰ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ ሐምሌ 5 ቀን 1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎትን አስጀመረ። በሰማኒያዎቹና በዘጠናዎቹ ዓመታት የወግ አጥባቂው ፓርቲ መንግሥታት ቴሌኮምን፣ ጋዝን፣ የድንጋይ ከሰልንና የባቡር ትራንስፖርትን ወደ ግል ሲያዛውሩ፣ በግብር የሚደገፈው የጤና አገልግሎት ግን ቀጠለ። ይህም አንድ መንግሥት የገበያ ኢኮኖሚን እያስፋፋ የሕዝብ አገልግሎትን ይዞ መቆየት እንደሚችል ያመለክታል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ በ1935 በፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ዘመን የወጣው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ በተቃዋሚዎቹ ዘንድ ሶሻሊዝም ተብሎ ተወግዟል። ሮናልድ ሬገንም እ.ኤ.አ በ1961 ለአረጋውያን የታሰበው የመንግሥት የጤና መድን ወደ ሶሻሊዝም ይወስዳል ሲሉ አስጠንቅቀው ነበር። ይሁንና መድኑ በ1965 ጸደቀ። ሬገን ራሳቸው ፕሬዚዳንት ሆነው በ1983 የጡረታ ሥርዓቱን ከገንዘብ እጥረት የታደገውን ሕግ ፈርመዋል።

በአገራችንም የመንግሥት አገልግሎት ሶሻሊዝም ከመታወጁ በፊት የነበረ ነው። የኤሌክትሪክና የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎቶች በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይተዳደሩ ነበር፤ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209ም የወጣው በ1955 ዓ.ም ነው። ደርግ ኅብረተሰባዊነትን በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም ካወጀ በኋላ የመጣው ለውጥ ግን ከዚህ የተለየ ነበር። በዚያው ዓመት ባንኮች፣ የኢንሹራንስ ድርጅቶችና በርካታ ፋብሪካዎች ተወረሱ፤ የካቲት 25 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ። በብዙ ኢትዮጵያውያን ትውስታ ውስጥ «ሶሻሊዝም» ከጡረታ አበል ይልቅ ከውርስ ጋር የተያያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1997 ዓ.ም የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት በአንጻሩ የማንንም ንብረት አልወረሰም። መሥራት የሚችሉ ተጠቃሚዎች በማኅበረሰብ ሥራ ተሳትፈው፣ አቅም የሌላቸው ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ የሚታቀፉበት ሲሆን፣ ከደጋፊዎቹ አንዱ የዓለም ባንክ ነው። በ2003 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞችን በጡረታ ሲያቅፍም መሠረቱ የአሠሪውና የሠራተኛው መዋጮ ነበር። በአንጻሩ በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት የመሬት ባለቤትነትን ለመንግሥትና ለሕዝብ ሰጥቷል። በመሆኑም ከሶሻሊዝም ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው ክርክር የሴፍቲኔት ሳይሆን የመሬት ጥያቄ ነው።

በእርግጥ አስተሳሰቦቹ ፈጽሞ አይገናኙም ማለት አይደለም። የብሪታንያን የጤና አገልግሎት ያቋቋሙት ሚኒስትር አኑሪን ቤቫን ሶሻሊስት የነበሩ ሲሆን፣ ሕክምናን ከገበያ ማውጣት የሶሻሊዝም እርምጃ ነው የሚል አቋም ነበራቸው። የገበያ ኢኮኖሚ ደጋፊዎችም መንግሥት በሰፋ ቁጥር ግብርና ቁጥጥር ይጨምራል ሲሉ ይሰጋሉ። ሁለቱም መከራከሪያዎች ሊመረመሩ ይገባል። ሆኖም አንድ ሐሳብ ከሶሻሊስቶች መመንጨቱ ብቻውን የአገሪቱን የኢኮኖሚ ሥርዓት አይለውጥም።

ስለሆነም የመንግሥት አገልግሎትና ማኅበራዊ ዋስትና በራሳቸው ሶሻሊዝም አይደሉም፤ ዘውዳዊ፣ ወግ አጥባቂና ሶሻሊስት መንግሥታት ሁሉ ተጠቅመውባቸዋል። አንድ መርሃ ግብር ሊመዘን የሚገባው ማንን እንደሚያቅፍ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍንና ለሚቀጥለው ትውልድ መዝለቅ አለመዝለቁን በመጠየቅ ነው።