ያልተመለሰው ወታደር ቤት

ነፋስ ስልክ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከሬዲዮ ነው። በ1927 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በአቃቂ በኩል፣ ያለ ሽቦ ቃል የሚያስተላልፍ ጣቢያ ተመረቀ፤ ሕዝቡም መሣሪያውን «የነፋስ ስልክ» አለው፤ ስሙም በሰፈሩ ቀረ። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጣልያን ወረራ መቃረቡን ለዓለም ያሰሙት በዚሁ ጣቢያ ነበር።

ቃል በነፋስ ባሕር በተሻገረበት በዚያው ዓመት ግን፣ መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የወደቀው ሰው መርዶ ወደ ቤቱ የሄደው በእግር ነው። ከዘመቻ የተመለሰ ጓደኛ ካለ ይነግራል፤ ከሌለ ሚስት ደጅ ደጁን እያየች ትኖራለች።

የቀድሞው ወታደር ደመወዙ መሬት ነበር። በማደሪያነት ከተሰጠው መሬት ገባሩ ያመጣለትን እህልና ማር እየተቀበለ ይኖር ነበር። ሲሞትም፣ ወንድ ልጁ የአባቱን ጠመንጃ ለማንሣት ከደረሰ ቤቱ ሊቀጥል ይችል ነበር፤ ልጁ ሕፃን እንደ ሆነ ግን የእናቲቱ ዕድል በጌታው ፈቃድ ላይ ያርፍ ነበር። ያን ቤት ያቆመው የገባሩ ላብ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም።

ወደ ኮርያ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የተጓዘው የቃኘው ሻለቃ ጦር ከዚህ የተለየ ነበር። ከክብር ዘበኛ የተመረጠ፣ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ጦር ነው። የወር ደመወዝ የሚበላ ሰው ሲሞት ቤቱ የሚጎድለው በዚያው ወር ነው፤ ይህን እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ከ120 የሚበልጡ ሰዎቻችን እዚያ ወደቁ፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። እነዚያው ወታደሮች በጦርነቱ መጨረሻ ግድም ዶንግዱቾን በምትባለው ከተማ፣ ከደመወዛቸው እያዋጡ አባት እናት ያጡ የኮርያ ሕፃናትን የሚያሳድግ ቤት አቆሙ። ለራሳቸው ወላጅ አልባ ልጆች ግን የመንግሥት ጡረታ አዋጅ፣ ቁጥር 209፣ የታወጀው በ1955 ዓ.ም. ነው፤ ተኩሱ ከቆመ 10 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ደርግ ከሰሜን ኮርያ ጋር ስለ ተወዳጀ የእነዚያ ዘማቾች ስም ብዙም አልተነሣም፤ ሐውልታቸው በአፍንጮ በር የቆመው እርሱ ካለፈ በኋላ ነው። ያው መንግሥት ግን በሶማሊያ ጦርነት አባቶቻቸውን ላጡ ልጆች አላጌ ላይ የሕፃናት አምባን ሠርቶ ነበርና፣ ይህን አለመናገር ፍርድ ማጉደል ይሆናል።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 ደግሞ ለሟች ሚስት የጡረታውን 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ወሰነ። መንግሥት ለሲቪል ሠራተኛው እስከ 11 በመቶ መዋጮ ሲከፍል ለወታደሩ እስከ 25 በመቶ እንዲከፍልም አዘዘ። ልዩነቱ የሞት ዋጋ ነው፤ ማንም ሊቀናበት አይገባም።

ሆኖም አዋጅ የሚፈጸመው በመስኮት በኩል ነው። በገጠር በሽማግሌ ፊት የተዳረች፣ የጋብቻ ወረቀት የሌላት ሴት ትመጣለች። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንዲህ ያለ ጋብቻ በፍርድ ቤት በምስክሮች እንዲረጋገጥ ይፈቅዳል። እንግዲህ «ወረቀት የለሽም» ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ይህን ንገሯት፤ የምትሄድበትን ችሎትና የምታቀርባቸውን ምስክሮችም በቁራጭ ወረቀት ጻፉላት።