የሰይጣን ቤት ልጆች

እኔ ያደግኩት በድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ነው። ቀልድ አይደለም። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር 1990ዎቹ፣ ቦታው የጠምባሮዋ ሙዱላ። ቪዲዮ ቤታችን የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በጭቃ የተመረገ ግድግዳ፣ ብርሃን እንዳያስገባ በጥቁር ላስቲክ የተሸፈነ አንድ መስኮትና ጥቂት አግዳሚዎች ነበሩት። ከጓሮ ጄኔሬተር ይጮሃል። ጩኸቱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ስለሚውጠው ጃኪ ቻን ሲማታም ሆነ የህንዷ ተዋናይ ስታለቅስ የምናየው አፋቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ደግሞስ ድምፁ ቢሰማ ማን እንግሊዝኛ ያውቃል? ሂንዲውንማ ተዉት።

ስለዚህ ተርጓሚ ነበረን። ከእኛ ሰባት ስምንት ዓመት የሚበልጥ ጎረምሳ ነው። ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ታሪኩን በእኛው ቋንቋ ይነግረናል። እንግሊዝኛ ላይ ከእኛ ብዙም እንደማይሻል የገባን ካደግን በኋላ ነው፤ የመሰለውን ነበር የሚነግረን። ይህ ሰው አንድ ተጨማሪ ሥራም ነበረው። ሁለት ሰዎች ሊሳሳሙ ፊታቸው ሲቀራረብ ጃኬቱን ያወልቅና ስክሪኑ ላይ ይዘረጋዋል። እኛ እናፏጫለን፣ መሬት እንደበድባለን። ነገሩ ሲያልፍ ጃኬቱን መልሶ ይለብስና ታሪኩን ይቀጥላል።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ዓይኔን አይታ ታውቃለች። «ዛሬም ሰይጣን ቤት ዋልክ?» ትለኛለች። ቃሉ የራሷ ይመስለኝ ነበር። እሷ ጸሎት ቤት የማትቀር ሴት ናት፤ ለእሷ ከጸሎት ቤት ውጭ ያለ ጨለማ ክፍል ሁሉ የአንድ ጌታ ንብረት ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ሲኒማችን ታሪክ ሳነብ ግን ያ ስም እሷ ከመወለዷ በፊት አዲስ አበባ ላይ ወጥቶ እንደነበር አየሁ።

*

ሲኒማ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ መጀመሪያ ያየውም ቤተ መንግሥቱ ነው። ቆይቶ ለሕዝብ ፊልም የሚያሳይ ቤት ዛሬ ቴዎድሮስ አደባባይ በምንለው አካባቢ ሲከፈት፣ የከተማው ሰው «ሰይጣን ቤት» አለው። ለምን እንዲህ እንዳለው ለመገመት አይከብድም። ጨለማ ክፍል ነው፤ ግድግዳ ላይ ነፍስ የሌለው ጥላ ይሄዳል፣ ይስቃል፣ ይሞታል፣ በማግስቱ ደግሞ ተነስቶ ያንኑ ይደግማል። የሞተ ሰው በየምሽቱ የሚነሳበትን ቤት ሌላ ምን ትሉታላችሁ?

በዚያው ዘመን አካባቢ ሌላ ነገር ሆነ። ሩሲያ ተምረው የተመለሱት፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ተውኔት ጻፉ። የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ነው። አውሬዎች ያወራሉ፤ የሚወራው ግን ስለ አስተዳደር ነው። መኳንንቱ አማርኛ ይሰማሉና ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ፤ ቴአትርም ራሱ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ድረስ ተዘጋበት።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አድርጓቸው። በአማርኛ የተናገረው መድረክ እገዳ ተሰጠው። ድምፅ የሌለው የባዕድ ጥላ ደግሞ ቅጽል ስም ተሰጠው። እገዳ ለቁም ነገር ነው፤ ሰው የሚያግደው የሚፈራውን ነው። ቅጽል ስም ግን ለተናቀ ነገር ይበቃል። ንቀት ደግሞ አንዳንዴ ከነጻነት ጋር ይመሳሰላል።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ አገራችን በዝምታው ዘመን ፊልም አየች እንጂ ድራማ አልሠራችም። የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ፊልማችን «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የተሠራው በ1957 ነው፤ በባለ 35 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በኢላላ ኢብሳ ድርሰት። እሱም ድምፅ ነበረው። ስለዚህ ንቀት ለፊልም ምን እንደሚሰጠውና ምን እንደሚነጥቀው ለማየት ድራማዎቹ ወደተሠሩበት፣ ወደ አሜሪካ መሻገር ግድ ይላል።

*

የአሜሪካ ከተሞች ፊልምን መመርመር የጀመሩት ገና በጠዋቱ ነው። ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ1907 ፊልም ከመታየቱ በፊት የፖሊስ ፈቃድ እንዲያገኝ ደነገገች። አንድ የፊልም ኩባንያ የኦሃዮን የሳንሱር ሕግ ተቃውሞ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1915 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ፈረዱበት። ምክንያታቸው ባጭሩ፦ ፊልም ማሳየት ትርፍ የሚፈለግበት ንግድ ነው፣ እንደ ጋዜጣ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት አይገባውም። አዲስ አበባ «ሰይጣን» አለችው፤ ዋሽንግተን «ሸቀጥ» አለችው። ይህ ፍርድ 37 ዓመት ጸንቶ እስከ 1952 ቆየ።

ነገር ግን ሳንሱሩ ያኔ የተበታተነ ነበር። አንዱ ግዛት የከለከለውን ሌላው ያሳየዋል። በዚህ ክፍተት ውስጥ ዛሬም የሚያስደነግጡ ድራማዎች ተሠሩ።

ሎይስ ዌበር የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1916 «ልጆቼ የት አሉ?» የተባለ ፊልም ሠራች። አንድ ዐቃቤ ሕግ አለ፤ ልጅ ይናፍቃል። ሚስቱ ደግሞ የድሎት ኑሮዋ እንዳይቋረጥ በድብቅ ፅንስ ታስወርዳለች፤ ጓደኞቿም እንዲሁ። የቤት ሠራተኛቸው ልጅ ግን በአንድ ወንድ ተታላ ታረግዝና እዚያው ሐኪም ዘንድ ሄዳ ትሞታለች። ዐቃቤ ሕጉ ሐኪሙን ሲከስ የሚስቱን ስም መዝገቡ ላይ ያገኘዋል። መጨረሻ ላይ ባልና ሚስት እሳት ዳር ተቀምጠው ያረጃሉ፤ ያልተወለዱት ልጆች በጥላ መልክ ሲከቧቸው እናያለን። ፔንሲልቬንያ ፊልሙን አገደችው። ሌላ ቦታ ሰው ተጋፍቶ አየው። በፊልሙ ፍርድ ትስማሙም አትስማሙም፣ ሰው በሹክሹክታ ብቻ የሚያወራውን ነገር ያለ አንድ ድምፅ ሺህ ሰው ፊት አወጣችው። የእኛም የመጀመሪያ ፊልም ርዕስ የወላጅነት ጥያቄ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። አንደኛው ልጆቹን ይጠይቃል፣ ሌላው አባትየውን።

ሁለተኛው ሰው ኦስካር ሚሾ ነው። አባቱ በባርነት የተወለዱ፣ እሱ ራሱ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ገበሬ የነበረ፣ የጻፈውን ልብ ወለድ በየቤቱ እያንኳኳ የሚሸጥ ጥቁር አሜሪካዊ። እ.ኤ.አ. በ1919 ቺካጎ ውስጥ በነጮችና በጥቁሮች መካከል ደም ፈሰሰ። በወራት ውስጥ፣ በ1920 መጀመሪያ፣ ሚሾ እዚያችው ከተማ «በደጃችን ውስጥ» የተባለ ድራማ ይዞ መጣ። ፊልሙ ውስጥ አንድ የጥቁር ቤተሰብ ያለ ፍርድ በሕዝብ እጅ ሲሰቀል፣ አንዲት ወጣት ደግሞ ሊደፍራት ከመጣ ነጭ ሰው ጋር ስትታገል ይታያል። መርማሪዎቹ ሌላ ብጥብጥ ይነሳል ብለው መጀመሪያ ከለከሉት። በኋላ ሲታይም በየከተማው እየተቆራረጠ ነበር። ልብ በሉ፤ የገደሉት ሰዎች ሳይሆኑ ግድያውን ያሳየው ሰው ነበር የጸጥታ ስጋት የተባለው።

*

አሁን ወደ ጃኬቱ እንመለስ።

የሆሊዉድ ባለሀብቶች እያንዳንዱ ግዛት የየራሱን መቀስ ይዞ ሲመጣባቸው፣ ፌዴራል መንግሥቱም እንዳይጨመር ሲሰጉ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ዊል ሄይስ የተባለ የቀድሞ የፖስታ ሚኒስትር ቀጠሩ። ሥራው ቤቱን ከውስጥ ማጽዳት ነው። በ1927 ፈጽሞ መታየት የሌለባቸው 11 ነገሮች ተዘረዘሩ። ከእነሱ መካከል በሁለት ዘር መካከል የሚደረግ ፍቅርና የሃይማኖት አባቶችን ማላገጥ ይገኙበታል። በ1930 ሙሉ ደንብ ተጻፈ፣ ከ1934 ጀምሮ ደግሞ ማኅተም የሌለው ፊልም ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች በር ላይ ቀረ። ደንቡ እስከ 1968 ሠራ። መንግሥት አይደለም ያወጣው። ስክሪኑን በጃኬት የሸፈኑት የቤቱ ባለቤቶች ራሳቸው ናቸው።

የእኛው ተርጓሚ እንደ ብዙ የሀዲያና የከምባታ አካባቢ ወጣቶች ደቡብ አፍሪካ ገብቷል፤ ሱቅ አለው። ባለፈው ዓመት ቴሌግራም ላይ አገኘሁትና የጃኬቱን ነገር ጠየቅኩት። ልጆች ስለነበርን አስቦልን መስሎኝ ነበር። ሳቀብኝ። «ለእናንተ መሰለህ እንዴ? ለእናቶቻችሁ ነበር እኮ! አንዷ ሰምታ ቀበሌ ብትሄድ ቤቱ ይዘጋል። ቤቱ ከተዘጋ ምን ታያላችሁ?»

ሄይስን ያን ቀን ገባኝ። ጃኬቱን የሚዘረጋ ሰው ሁልጊዜ የፊልም ጠላት አይደለም። ብዙ ጊዜ ቤቱ እንዳይዘጋ የሚፈራ ሰው ነው። አደጋውም እዚያው ላይ ነው፤ በቅንነት የተዘረጋ ጃኬት መቼ መነሳት እንዳለበት የሚናገር የለም። የእኛው ሕገ መንግሥት በ1987 በአንቀጽ 29 የቅድሚያ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ከልክሏል። ጃኬቱን ግን ከየትከሻችን ላይ ማንም አላወለቀልንም። ዛሬ አጭር ፊልም በስልኩ የሚሠራ የሙዱላ ልጅ «ይሄን ብለው ቤተሰብ ምን ይላል?» ብሎ የሚቆርጠው ቁጥር የለውም።

*

እስካሁን መቀሱን ከሰስኩ። የድምፅ አልባ ፊልሞች ዋና ገዳይ ግን መቀስ አይደለም።

የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ጥናት፣ ከ1912 እስከ 1929 ከተሠሩት 10,919 የአሜሪካ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች መካከል በመጀመሪያ መልካቸው ሙሉ ሆነው የተገኙት 14 በመቶው ብቻ ናቸው። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ አሮጌው ቆሻሻ ሆነ። ውስጡ ያለውን ብር ለማውጣት ብለው አቀለጡት። የተረፈው በቀላሉ በሚነድ ናይትሬት ላይ የተነሳ ነውና በ1937 የፎክስ መጋዘን ኒው ጀርሲ ውስጥ ሲቃጠል የኩባንያው ድምፅ አልባ ፊልሞች አብዛኞቹ አብረው ሄዱ። ማንም አልደነገጠም። ሸቀጥ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ብሎታል። በድፍረት እንዲናገሩ ቦታ የሰጣቸው ንቀት፣ እንዲጠፉም በር ከፈተላቸው።

የተረፉትስ የት ተገኙ? የሚሾ ፊልም አሜሪካ ውስጥ ጠፍቶ ስፔን ውስጥ በሌላ ርዕስ ተገኘ። በትዕይንቶቹ መካከል የሚገባው ጽሑፍ ወደ ስፓኒሽ ተተርጉሞ ስለነበር ወደ እንግሊዝኛ መልሰው ተረጎሙት። ካናዳ ጫፍ ላይ ደግሞ ዶውሰን ሲቲ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ፊልም ለእሷ የሚደርሰው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ለመመለሻው የሚከፍል ስለሌለ እዚያው ይቀራል። በ1929 የተከማቸውን ጥቅልል አሮጌ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ቀበሩት፣ ላዩ ላይ የበረዶ መጫወቻ ሜዳ ተሠራ። በ1978 አንድ የቁፋሮ መኪና ከ500 በላይ ጥቅልል ከአፈር አወጣ። ሌላ የትም የሌሉ ፊልሞች ነበሩበት።

ይህን ሳነብ ሙዱላን አሰብኩ። የመንገዱ መጨረሻ ላይ ያለች ከተማ መሆን ዕጣ ነው፤ ሁሉ ነገር ዘግይቶ ይደርሳል። ግን የደረሰው ነገር የሚቀረውም እዚያ ነው። የቪዲዮ ቤታችን ካሴቶች የት እንደገቡ ጠይቄ ነበር። የተወሰኑትን አይጥ በልቷቸዋል፣ የተወሰኑት ውስጣቸው ያለው ጥቁር ክር ወጥቶ አጥር ታስሮበታል። ካሴቶቹስ ይቅሩ፤ ሌላ ቦታ ቅጂ አላቸው። ቅጂ የሌለው የጎረምሳው ትርጉም ነው። ጃፓኖች በዝምታው ዘመን ከስክሪኑ ጎን ቆመው ፊልም የሚተርኩ ሰዎች ነበሯቸው፤ ቤንሺ ይሏቸዋል፣ ከተዋናዮቹ እኩል ዝነኛ የሆኑ ነበሩባቸው። እኛም አንድ ነበረን። ማንም አልቀዳውም፤ ሰይጣን ቤት ውስጥ ምን የሚቀዳ ነገር አለ?

ስለዚህ ያንኑ ቀን ለመንኩት። አንዱን ፊልም፣ ህንዷ እናቷን ባቡር ጣቢያ የምታጣበትን፣ እንደ ድሮው እንዲነግረኝ። ሱቁን ከዘጋ በኋላ 11 ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። በእኛው ቋንቋ፣ በዚያው ድምፅ፣ ባቡሩ ሲመጣ ያኔ እንደሚያደርገው በአፉ እየነፋ። ይህን ጊዜ ጄኔሬተር የለም፤ ሁሉም ይሰማል።

በኋላ ፊልሙን ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አየሁት። እሱ ከነገረን ታሪክ ግማሹ ውስጡ የለም። እናትየዋም መጨረሻ ላይ አትገኝም፤ ያገናኛቸው እሱ ነበር።

የድምፅ መልእክቱን ሦስት ቦታ ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ። አንዱ ሙዱላ እናቴ ስልክ ላይ ነው።